ዋስ ያጣ ሽልማት



ዛሬ የምናገረው ስለ ፑል ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ ጨዋታው ጥበብ ሳይሆን ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች በገዛ ተጫዋቾቻቸው ላይ ስለሚያነሡት ቁጣ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ነገሬ ልግባ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ባሪ በርማን የሚባል የፑል ቤት ባለቤት በ1976 አንድ የዘጠኝ ኳስ ውድድር ጀመረ። ስሙን ዩኤስ ኦፕን አለው። ውድድሩ እያደገ ሄዶ በአሜሪካ የፑል ተጫዋቾች ዘንድ ከሁሉ የላቀ ክብር ያለው ሆነ። ኤርል ስትሪክላንድ አምስት ጊዜ አሸንፎበታል፤ ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ በ1994 ሲያሸንፍ ድሉን ከአሜሪካኖች እጅ ያወጣ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰው ሆነ። ዳሩ ግን የውድድሩ ክብር ሲጨምር የአከፋፈሉ ሥርዓት አብሮት አላደገም። ከ2011 በፊት ሽልማት እየዘገየና እየተቆራረጠ መድረሱ የተጫዋቾች የዘወትር ስሞታ ነበር። በዚህ የተነሣ በ2011 ጆኒ አርቸር ይመራው የነበረው የፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበር ለአዘጋጁ አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረበ፦ ቃል የተገባው ገንዘብ የመጀመሪያው ኳስ ከመመታቱ በፊት በገለልተኛ ወገን እጅ፣ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ፤ አለዚያ አባሎቻችን አይሰለፉም። ስምምነት አልተገኘም። የማኅበሩ ሰዎች ቀሩ፤ ውድድሩ ግን አልቀረም። እንግሊዛዊው ዳረን አፕልተን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት አሸነፈ።

እኔን የሚያነጋግረኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። የጨዋታው ወዳጆች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን «የሠሩበትን ይከፈላቸው፣ ሌላ ምን ጠየቁ?» አለ። ሌላው፣ ምናልባትም ድምፁ ከፍ ብሎ የተሰማው፣ አድመኞቹን ምስጋና ቢሶች፣ ጨዋታውን የሚገድሉ፣ ራሳቸውን ከመጠን በላይ የሚገምቱ አላቸው። ይህ ሁለተኛው ቁጣ ክፉ ልብ የወለደው ነው ብዬ አላምንም። የተሳሳተ ሒሳብ የወለደው ነው እላለሁ። ተመልካቹ አዘጋጁን እንደ ደጋሽ፣ ተጫዋቹን እንደ ተጋባዥ ያያል፤ የቀረበለትን ማዕድ ነቅፎ የሚነሣ እንግዳ ደግሞ በየትም አገር አይወደድም። ነገር ግን በፕሮፌሽናል ፑል ተጫዋቹ ተጋባዥ አይደለም። ለድግሱ ካዋጡት አንዱ ነው፤ ሽልማቱም ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው። ይህንን ሒሳብ ካስተካከልን ቁጣው ሌላ አቅጣጫ ይይዛል ብዬ አስባለሁ።

አስቀድሜ ግን የተቆጣውን ተመልካች ክርክር በሙሉ ኃይሉ ላቅርብ፤ ደካማውን መርጦ ማሸነፍ ቀላል ነውና። ይህ ሰው በዓመት አንዴ ለሚመጣ ውድድር ትኬት ቆርጧል። ከሥራው ፈቃድ ወስዷል፣ የሆቴል ክፍል ይዟል፣ ምናልባት ከሌላ ግዛት ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ መጥቷል። የመጣው የሚወዳቸውን ተጫዋቾች ከአሥር እርምጃ ርቀት ለማየት ነው፤ ፑል ደግሞ ከሩቅ የማይታይ፣ ከቅርብ ሆነው የኳሱን አካሄድ ካላነበቡት ጣዕሙ የማይገኝ ጨዋታ ነው። እነርሱ ግን አልመጡም። በዚያ ላይ ባሪ በርማንን ያውቀዋል። ሌሎች ነጋዴዎች ከፑል ሸሽተው ትርፍ ወዳለበት ሲሄዱ ይህ ሰው አሥርተ ዓመታት ሙሉ ውድድሩን ሳያቋርጥ አቆይቷል። ዘግይቶም ቢሆን ለመክፈል የሚታገል፣ ጨዋታውን ከልቡ የሚወድ ሰው እንደሆነ ብዙዎች መስክረውለታል። በአንጻሩ ተጫዋቾቹን ማንም አላስገደዳቸውም፤ ካልፈለጉ ሌላ ሥራ አለ። እነርሱ ሲቀሩ የሚጎዳው አዘጋጁ ብቻ ሳይሆን ጨዋታው ራሱ ነው፤ ስፖንሰሮች ጭቅጭቅ አይወዱም። ይህ ክርክር ከላይ እስከ ታች ሐሰት አይደለም። ስለ በርማን ፍቅር የተባለውን እኔም እቀበላለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ምንጭ እንሂድ። በእግር ኳስ ወይም በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ነው፤ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ወር ሲደርስ ይከፈለዋል። የፑል ተጫዋች ደመወዝ የለውም። ወደ ውድድሩ ለመግባት ራሱ የመመዝገቢያ ክፍያ ይከፍላል፣ የአውሮፕላኑንና የሳምንት ሆቴሉን ወጪ ከኪሱ ያወጣል፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደረጃዎች ውጭ ከወጣ ደግሞ ያወጣውን እንኳ ላያስመልስ ይችላል። የሽልማቱ ድምር ከእነዚሁ የመመዝገቢያ ክፍያዎች፣ ከስፖንሰር፣ ከትኬትና በአዳራሹ ዙሪያ ዕቃ ለመሸጥ ቦታ ከሚከራዩ ነጋዴዎች የሚሰበሰብ ነው። እንግዲህ ነገሩን በእኛው እቁብ እንየው። ሁሉም ያዋጣል፣ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል፤ ፑል ላይ ዕጣውን የሚያወጣው ስቲኩ ነው። በደንብ በተያዘ እቁብ ውስጥ ግን ገንዘቡን የሚወስድ ሰው ዋስ ያቀርባል። ጎረቤትም ይሁን የሥራ ባልደረባ፣ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን ዋስ ይጠራል፤ ይህንንም እንደ ስድብ የሚቆጥረው የለም። ሰብሳቢው «እናንተን ስለምወድ ነው እቁቡን የያዝኩት፤ ገንዘቡ የት እንዳለ አትጠይቁኝ» ቢል ከእናንተ መካከል በሁለተኛው ሳምንት የሚጥል ማን ነው? የማኅበሩ ጥያቄ ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም። ይጨመርልን አላሉም፣ ድርሻችን ይስፋ አላሉም፤ በማስታወቂያ የተነገረው ቁጥር በእርግጥ መኖሩን አሳዩን አሉ።

ሌላም ከተመልካች ዓይን የተሰወረ ነገር አለ። ብዙ ተጫዋቾች የመመዝገቢያውንና የጉዞውን ወጪ ራሳቸው አይችሉትም፤ ከጀርባቸው ገንዘብ የሚያወጣላቸው ሰው አለ፣ ሲያሸንፉም ሽልማቱን ይካፈላሉ። ስለዚህ ሽልማት ሲዘገይ የሚጠብቀው ሻምፒዮኑ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ያወጣለት ሰው ይጠብቃል፤ የሚቀጥለው ወር ውድድር የመመዝገቢያ ቀን ግን አይጠብቅም። በዚህ ሙያ ከአንድ ውድድር የሚገኝ ገንዘብ የሚቀጥለው ውድድር ስንቅ ነው። ስንቁ በስድስት ወር ሲዘገይ ተጫዋቹ የሚያጣው ወለዱን ሳይሆን ያንን የስድስት ወር ሥራ ነው። «በመጨረሻ ከፍሏል እኮ» የሚለው መከላከያ የሚዘነጋው ይህንን ነው። ሌላም ይዘነጋል። የዘንድሮ የመመዝገቢያ ገንዘብ ለአምናው ዕዳ እየዋለ እንዳይሆን የሚያረጋግጥ ምንም ነገር ለተጫዋቹ አልቀረበለትም። በዚያ ዓመት እንዲህ ሆኗል እያልኩ አይደለም። እያልኩ ያለሁት፣ ዝግ ሒሳብ የሌለበት ውድድር ውስጥ እንዲህ አለመሆኑን ማንም ማወቅ አይችልም ነው። ሐቀኛውም አዘጋጅ ሐቀኛነቱን የሚያሳይበት መንገድ የለውም፤ ዋስትናው ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ለእርሱ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ግልጽ ከሆነ ተመልካቹ ለምን አላየውም? አንዱ ምክንያት የፑል ተጫዋች ስም ነው ብዬ እገምታለሁ። በ1961 «ዘ ኸስለር»፣ በ1986 ደግሞ «ዘ ከለር ኦፍ መኒ» የተባሉት ፊልሞች ፑልን በዓለም አስተዋወቁ፤ ሁለተኛው ከወጣ በኋላማ በአሜሪካ የፑል ቤቶች እንደ አዲስ ተጥለቀለቁ። ነገር ግን አብረው ያስተዋወቁት አንድ ሰው አለ፦ ችሎታውን ደብቆ የሌላውን ገንዘብ የሚበላ ቁማርተኛ። ይህ ሰው «ተበላሁ» ብሎ ሲጮህ ሰሚው ማዘኑን ትቶ ፈገግ ይላል። የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ሽልማቱን ቢነፈግ ማንም አይስቅም። በእኛም አገር ፑል ቤት ስሙ ያማረ አይደለም፤ ወላጅ ልጁ የት እንዳመሸ ሲጠይቅ «ፑል ቤት» የሚል መልስ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የአሜሪካው ተመልካች ፑልን ይወዳል፣ ፑል የሚጫወተውን ግን ሙሉ በሙሉ አያምነውም። አዘጋጁ የቢዝነስ ሰው ነው፤ ተጫዋቹ ቁማርተኛ ነው። ሁለቱ ሲጣሉ ጥርጣሬው ወደየት እንደሚያደላ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ማን ለማን ገንዘብ እንዳለበት ማንም ሳይጠይቅ።

አሁን ማንም ዋስ ሳይጠይቅ የቀረበትን ጊዜ እንይ። ኬቨን ትሩዶ የሚባል፣ በሌሊት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሀብት ያካበተ ሰው፣ በ2005 ኢንተርናሽናል ፑል ቱር የተባለ ውድድር አቋቋመ። ፑል አይቶት የማያውቅ ገንዘብ መጣ። በ2005 መጨረሻ ኦርላንዶ ላይ ኤፍረን ሬየስ አሸንፎ ያገኘው 200,000 ዶላር ነበር። በ2006 ክረምት ላስቬጋስ ላይ ጀርመናዊው ቶርስተን ሆማን 350,000 ዶላር አሸነፈ። በዚያው ዓመት መስከረም በሪኖ ከተማ የሽልማቱ ድምር 3 ሚሊዮን ዶላር፣ የአንደኛው ድርሻ 500,000 ዶላር ተባለ፤ ሬየስ በ52 ዓመቱ ይህንን አሸነፈ። አድማ የሚባል ነገር አልነበረም። ተጫዋቾቹ ሱፍ ለብሰው ቀረቡ፣ ተመልካቹ በደስታ ፈነደቀ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የጠየቁ ጥቂቶች ደግሞ ዕድል ሲመጣ የሚያሟርቱ መሰሉ። ከሪኖ በኋላ ቼኩ አልመጣም። ተጫዋቾች ድርሻቸውን ለወራት በቁርጥራጭ ሲጠብቁ ከረሙ፤ በዚያ ስፋት የታሰበው ቱርም በዚያው ከሰመ። ትሩዶ ራሱ ከፑል ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመጣስ ወንጀል በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የ2011ን አድማ የምመዝነው ይህንን ከጎኑ አስቀምጬ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ምንም ሳይጠይቁ የተሰለፉ ሰዎች ናቸው ሁለተኛው ጊዜ ላይ የጠየቁት። ተመልካቹ ስግብግብነት ያለው ነገር ትምህርት ነበር፤ ዋጋውንም አስቀድመው ከፍለውበታል።

«አድማ ጨዋታውን ይገድላል» የሚለውን ደግሞ በሌሎች ስፖርቶች ታሪክ እንፈትነው። በ1970 አሜሪካዊው የቴኒስ አዘጋጅ ጃክ ክሬመር በሎስ አንጀለስ ውድድሩ ለወንዱ አሸናፊ 12,500 ዶላር፣ ለሴቷ 1,500 ዶላር መደበ። ቢሊ ጂን ኪንግና ስምንት ጓደኞቿ ውድድሩን ትተው ሂውስተን ላይ በአንድ አንድ ዶላር ውል የራሳቸውን ጀመሩ፤ የዛሬው የሴቶች ቴኒስ ሥሩ እዚያ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1973፣ የወንዶቹ ተጫዋቾች ማኅበር 81 አባላቱን ከዊምብልደን አስቀረ፤ ምክንያቱ ኒኮላ ፒሊች በተባለው ዩጎዝላቪያዊ ላይ የተጣለው እገዳ ነበር። ማኅበሩን ሲያስተዳድር የነበረው ማን መሰላችሁ? ያው ክሬመር። ትናንት የታደመበት ሰው ዛሬ አድማ መሪ ሆኖ መጣ፤ ወንበሩ ሲቀየር ሕጉ እንዴት እንደሚታይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የእንግሊዝ ተመልካች ለአድመኞቹ አላዘነላቸውም። ከአድማው ወጥቶ የተሰለፈውን የአገሩን ልጅ ሮጀር ቴይለርን በጭብጨባ ተቀበለው። በደረጃ ቀድመው ከተመደቡት 16 ተጫዋቾች 13ቱ በሌሉበት ውድድር የገባው ሕዝብ ከ300,000 በላይ ነበር፣ እስከዚያ ጊዜ በውድድሩ ታሪክ ከታዩት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ። የ17 ዓመቱ ቢዮርን ቦርግም በዚያው ክፍተት ውስጥ የሕዝብ ልጅ ሆነ። ዊምብልደን አልሞተም፤ ማኅበሩም አልሞተም። የተጫዋቾቹ ድምፅ በስፖርቱ አስተዳደር ውስጥ ቦታ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

እርግጥ ተመልካች የሚቀጣበት ጊዜም አለ። የአሜሪካ ቤዝቦል በ1994 በሥራ ማቆም አድማ ተቋርጦ የዓመቱ መጨረሻ ዋንጫ ሳይካሄድ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት በየጨዋታው የሚገባው ሰው በአማካይ አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ፤ ኒው ዮርክ ላይ ስግብግብነት የሚል ቃል የተጻፈበት ከነቴራ የለበሱ ሰዎች ሜዳ ገብተው የአንድ ዶላር ኖት በተጫዋቾቹ ላይ በተኑ። ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። የቤዝቦሉ ጠብ በሚሊዮን በሚከፈላቸው ተጫዋቾችና በሀብታም የክለብ ባለቤቶች መካከል ስለ ድርሻ የተደረገ ክርክር ነበር። ተመልካቹ ከሁለቱ ለአንዱም ለማዘን የሚያበቃ ምክንያት አላገኘም። የቨርጂኒያው ጠብ ስለ ድርሻ አልነበረም። አንድ ሰው የሚበልጥ ሲጠይቅና የተነገረው ይድረሰኝ ሲል እኩል መቆጣት ሚዛን ማጣት ነው።

እዚህ ላይ የሚከብደኝ ተቃውሞ ይመጣል፤ ቸኩዬም አላልፈውም። ፑል ቴኒስ አይደለም ይሉኛል፤ እውነት ነው። ዊምብልደን ማንም ቢቀር የሚሞላ ቤት አለው። ፑል ግን በጥቂት አፍቃሪዎች ትከሻ ላይ የቆመ ነው። የቴሌቪዥን ውሉ ቀጭን፣ ስፖንሰሩ የስቲክና የጠረጴዛ ጨርቅ አምራች ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አንድ ምሰሶ ቢነቀነቅ ጣሪያው ይወርዳል የሚል ሥጋት ሞኝነት አይደለም። ከዚህም የባሰ አድመኞቹን የሚጎዳ እውነት አለ፦ የእነርሱ መቅረት ውድድሩን አላስቆመውም። ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ምርጥ ተጫዋቾች ነበሩ፣ አሸናፊውም በዓለም የታወቀ ሰው ነበር። ስለዚህ «ያለ እነርሱም ይቻላል» የሚለው ተመልካች ዓይኑ እያየ ነው የተናገረው። ነገር ግን ይህ ድክመት የጥያቄያቸውን ትክክለኛነት አይነካውም፤ የሚያሳየው አቅም ማነሱን ብቻ ነው። እንዲያውም አቅም ማነሱ ዋስትናን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል፤ ጠበቃ ቀጥሮ የሚከስ፣ ክለብ ያለው፣ ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው ያለ ዝግ ሒሳብ ሊኖር ይችላል። ቀጭን ገበያ ውስጥ ያለ ሰው አይችልም።

የተሰለፉትስ? ከሃዲዎች ናቸው የሚል ነበር፤ እኔ አልልም። ከሩቅ አገር የመጣ ተጫዋች የማኅበሩ አባል ላይሆን ይችላል፤ ጉዞውም በአገሩ ስፖንሰር የተከፈለ ከሆነ የሚመዝነው ሌላ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የዩኤስ ኦፕን ባሕርይ ራሱ ነገሩን ያወሳስበዋል። ስሙ እንደሚለው ክፍት ነው፤ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ያለው፣ በሠፈሩ ሊግ የሚጫወት ሰው ክፍያውን ከፍሎ ከዓለም ሻምፒዮን ጋር ሊመደብ ይችላል። እርሱ ገንዘቡን የሚከፍለው ለማሸነፍ ሳይሆን ያንን አንድ ምሽት ለመግዛት ነው። ስለዚህ በፑል ውስጥ ተመልካችና ተጫዋች በአጥር የተለዩ አይደሉም፤ በአድመኞቹ ላይ ከተቆጡት መካከል የራሳቸውን የመመዝገቢያ ገንዘብ ያስገቡ ነበሩ። አንዳንዱ ታላላቆቹ በመቅረታቸው ዕድሌ ሰፋ ብሎ ደስ ብሎትም ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ሰው ነው። ያዋጣው ገንዘብ በዚያው ሣጥን ውስጥ አለ፤ ድንገት ቀንቶት 20ኛ ቢወጣ ከዚያው ሣጥን ይጠብቃል፤ ሣጥኑ ይከፈትና ይቆጠር ያሉትን ግን ተሳደበ።

ይህ ሁሉ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ከመሰላችሁ፣ በ2025 የእኛ አትሌቶች ሳይቀሩ የገቡበትን ላስታውሳችሁ። የቀድሞው የ200 እና የ400 ሜትር ንጉሥ ማይክል ጆንሰን ግራንድ ስላም ትራክ የተባለ ውድድር መሠረተ። በእያንዳንዱ ምድብ ለአንደኛ 100,000 ዶላር ተመደበ፤ ኪንግስተን ላይ በረጅም ርቀት እጅጋየሁ ታዬን ጨምሮ ኢትዮጵያውያን ሮጠዋል። ሎስ አንጀለስ ላይ ሊካሄድ የነበረው አራተኛው ውድድር ተሰረዘ፤ ሯጮቹም የሮጡበትን ሽልማት ለወራት ሲጠብቁ ቆዩ። እዚህም ላይ አስቀድሞ ዋስ የጠየቀ መኖሩን አልሰማሁም፤ መሥራቹ ታላቅ ስም ያለው፣ ስፖርቱን የሚወድ ሰው ነበርና። ኢትዮጵያዊ ሯጭ የሚሮጠው ለሜዳሊያ ብቻ አይደለም። አሠልጣኝ አለው፣ አሯሯጭ አለው፣ ከእርሱ እጅ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለው። እንደ ፑል ተጫዋቹ ሁሉ ከውድድር ሽልማት የሚጠብቀው ብዙ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ልጆች አንዷ በሚቀጥለው ውድድር «ገንዘቡ ባንክ መግባቱን ሳላይ አልሮጥም» ብትል፣ ቴሌቪዥን ከፍተን የጠበቅናት እኛ ምን እንላታለን? «አገር ጠበቀሽ፣ አንቺ ገንዘብ ትቆጥሪያለሽ» የሚል እንደማይጠፋ አልጠራጠርም። የቨርጂኒያው ተመልካች የተናገረውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

ወደ ፑሉ ልመለስ። ባሪ በርማን በ2016 አረፈ። ልጆቹ ውድድሩን ለጥቂት ጊዜ ይዘው ቆዩና በ2018 የእንግሊዙ ማችሩም ኩባንያ ገዛው። በ2019 ላስቬጋስ ላይ 256 ተጫዋቾች የተሰለፉበት፣ ድምሩ 300,000 ዶላር የሆነ ውድድር ተካሄደ፤ ጀርመናዊው ጆሽዋ ፊለር 50,000 ዶላር ወሰደ። የሚገርመው፣ «ተጫዋቾቹ ስግብግቦች ናቸው» የሚለው ጩኸት በዚያ ሰሞን የት እንደገባ አልታወቀም። የሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን የከፋዩ አቅም ነው የተለወጠው። ይህ ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ጠቡ የምስጋና ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ከአዲሱ አዘጋጅም ጋር በቀጠለ ነበር። ግን ደስታችን ልከኛ ይሁን። የአንድ ሀብታም ኩባንያ ቼክ በሰዓቱ መድረሱና ገንዘቡ አስቀድሞ በሦስተኛ ወገን እጅ መቀመጡ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የኩባንያው ጤንነት ነው፣ ሁለተኛው የተጫዋቹ መብት። ታላላቅ ውድድሮች በአንድ እጅ በተሰበሰቡ ቁጥር ደግሞ «አልመጣም» ማለት ይከብዳል፤ ቀርቶ የሚሄድበት ሌላ ጠረጴዛ የለምና።

ለተቆጣው ተመልካች የምቀበለው አንድ ዕዳ አለ፤ እርሱንም ሳላነሣ አልወርድም። ትኬቱን የቆረጠው ሰው ማን እንደሚቀር በመጨረሻው ሰዓት ማወቅ አልነበረበትም። አድማ የሚያስብ ማኅበር ቅድመ ሁኔታውንና የመጨረሻውን ቀን ትኬት ከመሸጡ በፊት በአደባባይ ማውጣት ይገባዋል፤ ተመልካቹም ገንዘቡን ሲያወጣ ዝግ ሒሳቡ መከፈቱን አለመከፈቱን አይቶ እንዲወስን። ያን ጊዜ አዘጋጁን የሚጠይቁት ሰዎች ቁጥር ከጥቂት ደርዘን ተጫዋቾች ወደ ሺህ ትኬት ቆራጮች ያድጋል፤ የትኬት ቆራጭ ጥያቄ ደግሞ «ምስጋና ቢስ» ተብሎ አይመለስም። ይህንን የሚያደርግ ማኅበር ግን መኖር አለበት። የ2011ቱ ማኅበር አቅሙ እየሳሳ ሄዶ ከመድረኩ ጠፍቷል፤ ዛሬ አንድ የፑል ሻምፒዮን ሽልማቱ ቢዘገይበት ስለ እርሱ ደብዳቤ ጽፎ የሚፈርም ሰው ለማግኘት መጀመሪያ ራሱ መፈለግ ይኖርበታል።